ሕያው ሕግና የተሻረ ሕግ በአንድ መደርደሪያ

በሕግ ቤተ መጻሕፍት ፍለጋ የሚጀመረው ጉዳዩ የትና መቼ እንደተፈጠረ በመጠየቅ ነው። የመጽሐፉ ርዕስ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች አስበልጦ የሚያሳይ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከዋና ከተማዋ ጋር ተያይዘው አድገዋል፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የሚተዳደሩት ግን በኦሮሚያ ክልል ነው። ቡራዩ የሚኖሩ ባልና ሚስት ቢፋቱ የሚነሳው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ አዲስ አበባ ላይ ግን አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይሠራል። አንዱን ከመገለታ ኦሮሚያ፣ ሌላውን ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማውጣት ይገባል። ጋዜጣውን የሳተ አንባቢ ቀኑን ሙሉ ቢተጋም የጎረቤቱን ሕግ አጥንቶ ይመለሳል።

ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲ ሆኖ ሲከፈት፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም ጀምሮ ሲታተም ቆይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ቤተ መጻሕፍት ዋና ሀብቱ በየዓመቱ የተጠረዘው ይህ ጋዜጣ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትና የተመራቂዎች ጥናት መንገድ ያሳያሉ እንጂ ሕጉን አይተኩም። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢለያዩም በፌዴራል ሕግ የሚጸናው አማርኛው ነው። አስቸጋሪው ነገር መጽሐፍ መሞቱን ራሱ አለመናገሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጋብቻ የጻፈው ዛሬም እዚያው ገጽ ላይ አለ፤ ስለ ውል የደነገገው ሲሠራ የጋብቻው ግን ተተክቷል። የንግድ ሕጉ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያደናግራል፤ በ2013 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ የ1952ቱ ሕግ የኢንሹራንስና የባንክ ክፍሎች ሳይሻሩ ቀሩ። አሮጌውን ጥራዝ የጣለ የሕግ ቤተ መጻሕፍት እንግዲህ ግማሽ ሕግ ይዞ ቀረ ማለት ነው።

አዋጁ ሁሉ በስልክ በሚገኝበት ዘመን ይህ ድካም ለምን የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከሱሉልታ ታክሲ ተሳፍሮ ከመምጣት ፋይል ማውረድ ይረክሳል። ሆኖም የወረደው ፋይል የተሻረ መሆን አለመሆኑን አይናገርም። በ2005 ዓ.ም ሰበታ ላይ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የተወሰደበት ገበሬ ካሣው የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። ስልኩ ግን ይህን የሻረውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ቢያቀርብለት አይገርምም፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ ትክክል ይመስላል። ተከታታዩን ጥራዝ ፊት ለፊት ያስቀመጠ ሰው የመሻሪያውን አንቀጽና አዋጁ የሚጸናበትን ቀን አብሮ ያያል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጉዳዩን ለጠበቃ መተው ይሻላል ይላል። ጠበቃ መያዝ ለሚችል ሰው ልክ ነው። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣን ሕግ ማንኛውም ሰው እንዲቀበል ይጠበቃል፤ እንዲህ ከተጠበቀ ጋዜጣው ያለበት ክፍል ለተማሪና ለመምህር ብቻ ሲሆን አያምርም። ዩኒቨርሲቲዎች ለነዋሪው ጥቂት የንባብ ሰዓት ቢመድቡ ተገቢ ይመስለኛል። የሚመጣው ሰው ደግሞ አዋጁን ይዞ መሄድ አይበቃውም። ከ1997 ዓ.ም፣ ከአዋጅ ቁጥር 454 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችን ጭምር ያስገድዳል። ውሳኔዎቹ በተከታታይ ቅጾች ታትመዋል፤ ማውጫቸው በጉዳይ ዓይነት ስለተከፈለ ውል ፈላጊ ወደ ውል፣ ውርስ ፈላጊ ወደ ውርስ ያመራል። ከዚያ የመዝገብ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ችሎቱ የተረጎመው አዋጅ ተሽሮ እንደሆነም ተመልሶ ከጋዜጣው ያረጋግጣል።