ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የኩላሊት ጉዳት

ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ማለት ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ኩላሊት ደምን የማጣራት አቅሙ ሲቀንስ የሚፈጠር የጤና ችግር ነው። ቀላል የሚባለው ጉዳት እንኳ የታካሚውን የሞት አደጋ ከፍ ያደርገዋል።

መንስኤ

ሁለቱ ኩላሊቶች ከሰውነት ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም፤ ይሁንና ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ያህል ይቀበላሉ። ስለዚህ የልብ ሥራ ሲታወክ ጉዳቱ ቶሎ ይደርስባቸዋል። በብዙ የልብ ቀዶ ሕክምናዎች ልብ እንዲቆም ይደረግና ደሙን የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ያዘዋውረዋል። ጆን ጊበን በ1953 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ የተጠቀመበት ይህ መሣሪያ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ደሙ በፓምፑና በቱቦዎቹ ሲያልፍ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰበራሉ፤ ከውስጣቸው የሚወጣው ሄሞግሎቢንም ኩላሊትን ይጎዳል። የደም ግፊት መውረድና የደም መቅጠን ሲታከሉበት፣ በጤናም ጊዜ ኦክስጅን በቁጥቁጥ የሚያገኘው የኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ቀድሞ ይጎዳል።

ቀድሞ የኩላሊት ሕመም ወይም ስኳር ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉና በድንገተኛ የሚታከሙ ሰዎች ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

ምርመራ

በደም ውስጥ ያለው ክሬያቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ ከቀድሞው መጠን 1.5 እጥፍ ከደረሰ ጉዳት አለ ይባላል። ክሬያቲኒን ግን ዘግይቶ የሚደርስ ምልክት ነው፤ ኩላሊት ከተጎዳ በኋላ ከፍ እስኪል አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚሰጠው ፈሳሽም ያሳንሰዋል። ሽንት በየሰዓቱ የሚለካው ለዚህ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለ6 ሰዓት ያህል በሰዓት ከ30 ሚሊሊትር በታች ከሸና፣ የደም ውጤቱ ደህና ቢመስልም ጉዳት እንዳለ ይቆጠራል።

ሕክምና

ጉዳቱን የሚሽር መድኃኒት የለም። በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ ዶፓሚን ለረጅም ዘመን ኩላሊትን ይጠብቃል ተብሎ ቢታመንም፣ ጥናቶች ጥቅም እንደሌለው አሳይተዋል። ሕክምናው የደም ግፊትንና ፈሳሽን ማስተካከል፣ ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶችን ማቆም፣ ካልሆነም የኩላሊት እጥበት ማድረግ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። «ለኩላሊት ውሃ በብዛት ይጠጣ» የሚለው የተለመደ ምክርም እዚህ ላይ አይሠራም፤ ልቡ የደከመ ታካሚ ትርፍ ፈሳሽ ሳንባው ውስጥ ሊጠራቀምበት ይችላል። ብዙዎች ቢያገግሙም ጉዳቱ ወደ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከ3 ወር በኋላ የኩላሊት ምርመራ እንዲደገም ይመከራል።