የጡት ነቀርሳ መድኃኒትና ልብ

የጡት ነቀርሳ ይዟት ከመካነ ሰላም ወደ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተልካ የምትታከም ሴት፣ ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀይ መድኃኒት በደም ሥሯ ሊሰጣት ይችላል። ይህን መድኃኒት የኢጣልያ ሊቃውንት በአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ነፍሳት አገኙት። አንድ ሁለት ቀን ሽንትን ማቅላቱ ከቀለሙ የተነሣ ስለሆነ አያስደነግጥም።

የሚያሳስበው የልብ ነገር ነው። መድኃኒቱ ነቀርሳውን ሲያጠፋ የልብን ጡንቻ ሊያደክም ይችላል፤ ጉዳቱም የሚበረታው በጠቅላላው በተሰጠው መጠን ነው። በተለመደው ሥርዓት ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 60 ሚሊግራም አራት ጊዜ ቢሰጥ 240 ይሆናል፤ ድምሩ ከ450 እስከ 550 ሲደርስ ግን አደጋው እጅግ ያይላል። ስለዚህ የሕክምናውን ወረቀት በጥንቃቄ ማኖር ያስፈልጋል፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ድምሩን የሚያውቀው ከእርሱ ነው። አስቀድሞ የልብ ሕመም ያለባትም ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ትናገር። ልቤን ፈራሁ ብሎ ሕክምናውን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ነቀርሳውን መልቀቅ ነው።

ድካሙ በሕክምናው ወራት ወይም ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በቦረና ደጋ ምልክቱ በቀላሉ ይሰወራል፤ ከዓባይ በረሃ ሲወጣ የማያለከልክ ማን አለ? ነገር ግን እንስራ አዝላ ትወጣው በነበረው ዳገት ባዶ እጇን ስትሄድ የምታርፍ፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ የሚያጥራት፣ እግሯም የሚያብጥ ሴት፣ እርጅና ነው ብላ አትቀመጥ። ወደ ሐኪም ሄዳ የወሰደችውን መድኃኒት ስም ትንገር። በድምፅ ሞገድ ልብን የሚያሳየው መሣሪያ ድካሙን ይለያል፤ በጊዜው ከተገኘም ልብን የሚያግዙ እንክብሎች አሉ።