ሱፉ ሲሳፈር

የመዝናኛ መርከብ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቁምጣ፣ ሰንደልና የመዋኛ ገንዳ ነው። ስለዚህም ትኬቱን ቆርጦ፣ ፈቃዱን ሞልቶ፣ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር የጎተተ መንገደኛ የመርከቡን የአለባበስ መመሪያ ዘግይቶ ሲያነብ ክው ይላል። ለካስ ከሰባቱ ምሽቶች ሁለቱ የሙሉ ልብስ ናቸው! ቁምጣውን ጠቅልሎ ሻንጣ ጥግ መወተፍ ይቻላል። ሱፉንስ?

የሙሉ ልብሱ ምሽት በየመርከቡ ስሙም ጥብቅነቱም ይለያያል። በካሪቢያን የሚዞሩት ትልልቆቹ የአሜሪካ መርከቦች ደንቡን ከዓመት ዓመት አላልተውታል፤ ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ የለበሰ ሰው ከብዙዎቹ መመገቢያ አዳራሾች አይመለስም። አጥብቆ የያዘው የእንግሊዙ የመርከብ ኩባንያ ኩናርድ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትቀዝፈው መርከቡ ኩዊን ሜሪ 2 ከሳውዝሃምፕተን ኒውዮርክ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ይፈጅባታል። በዚያ መሀል “ጋላ” በሚባሉት ምሽቶች ወንዱ ፓፒዮን አስሮ ወይም ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሴቷ የምሽት ቀሚስ አድርጋ ነው ለእራት የሚወርዱት። አልለብስም ያለ አይራብም፤ ቀለል ያለው መመገቢያ ይጠቆመዋል።

ይህን ወግ ያወጡት ሰዎች የኛ ችግር አልነበረባቸውም። ወደ ወደቡ የሚመጡት በባቡር ነው፤ ዕቃቸው በትልልቅ የመንገድ ሳጥን ተጭኖ፣ ተሸካሚ ተከትሏቸው። የድሮዎቹ ሳጥኖች ዝናቡ እንዲንሸራተት ክዳናቸው ጎባጣ ስለነበር አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ያስቸግር ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ቪቶን በ1858 ክዳኑን ጠፍጣፋ አድርጎ ሠራና ዝናው ተነሣ። ኋላ ደግሞ ቆሞ እንደ ቁም ሳጥን የሚከፈት፣ ባንድ ጎኑ መስቀያ በሌላው ጎኑ መሳቢያ ያለው ሳጥን መጣ፤ ኮቱ ሳይታጠፍ ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው። እነዚያ ጌቶችና እመቤቶች እንኳ ታዲያ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ምሽት ለእራት ብለው አይለብሱም ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ሳጥኑ ገና አልተፈታም፣ በመጨረሻው ደግሞ ታስሯል። ዛሬም የጋላው ምሽት በመጀመሪያው ሌሊት ላይ እምብዛም አይውልም። ይህች ሌሊት በኋላ ታስፈልገናለች።

አሁን መንገደኛው ከዋሽንግተንም ይነሣ ከዳላስ፣ ማያሚ ወደብ የሚደርሰው በአውሮፕላን ነው። ያ ሁሉ ቁም ሳጥን ወደ 23 ኪሎ ሻንጣ ወርዷል። በርናርድ ሳዶ የተባለ አሜሪካዊ በ1972 ለባለጎማ ሻንጣ የፈጠራ መብት ሲሰጠው፣ በ1987 ደግሞ አብራሪው ሮበርት ፕላዝ ሻንጣውን አቁሞ እጀታ ሲያወጣለት ትከሻችን ተገላገለ። ልብሳችን ግን አልተገላገለም። ቆሞ የሚጎተት ሻንጣ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ወደ ጎማው ይንሸራተታል። ጫማ ከላይ፣ ሸሚዝ ከታች ያስቀመጠ ሰው ሲደርስ የሚያገኘውን አስቡት።

ሙሉ ልብስን በአማርኛ ሱፍ ማለታችን ደስ ይለኛል፤ ምክሩ ስሙ ውስጥ አለና። ለሻንጣ የሚሆነው እውነተኛው ሱፍ ነው። የበግ ፀጉር እያንዳንዱ ዘለላ በተፈጥሮው ስለተጠማዘዘ፣ ተጭነው ሲለቁት እንደ ሞላ ወደነበረበት ይመለሳል። ጥጥና ሊኖ እንዲህ አይደሉም። ሙቀት፣ እርጥበትና ጫና ሲያገኛቸው በቃጫቸው ውስጥ ያለው ስስ ትስስር ይላቀቅና በአዲሱ እጥፋት ላይ እንደገና ይያያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ካውያ ካልመጣ አይሰሙም። ችግሩ ሱፍ ብለን የገዛነው ሁሉ ሱፍ አለመሆኑ ነው። የውስጥ ኪሱ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ጨርቅ አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ትላለች። ፖሊስተርም ለጉዞ መጥፎ አይደለም፣ ቶሎ አይጨማደድም፤ በሙቀት ተጭኖ የያዘው መስመር ግን በዋዛ አይለቀውም።

የኮት አስተጣጠፍ ጽሑፍ ላይ ከባድ ይመስላል፣ አልጋ ላይ ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ኪሶቹን ባዶ አድርጉ፤ የተረሳ እስክሪብቶ ብዙ ኮት ጨርሷል። አንዱን ትከሻ ገልብጡና ገበሩ ወደ ውጭ ይውጣ። ያልተገለበጠውን ትከሻ እዚያ በተገለበጠው ውስጥ እንደ ጓንት አግቡት። አሁን ኮቱ ቁመቱን ይዞ ለሁለት ታጥፏል፤ የሚታየው ገበሩ ብቻ ነው፣ ኮሌታና ደረቱ ውስጥ ተሸሽገዋል። እጅጌዎቹን አቃኑ። ትከሻው እንዳይጎደጉድ ሁለት ጥንድ ካልሲ ጠቅልላችሁ ክተቱበት። ሱሪውን ወገቡን ሻንጣው ውስጥ፣ እግሩን ከጠርዙ ውጭ አንጠልጥላችሁ አስቀምጡና ኮቱን በላዩ አድርጉ። በኮቱ መሀል የተጠቀለለ ሹራብ ጣል አድርጋችሁ ወገቡ ላይ አንድ ጊዜ እጠፉት፤ የተንጠለጠለውንም የሱሪ እግር መልሳችሁ አልብሱት። ሹራቡ የገባው እጥፋቱ እንደ ቢላ ስለት እንዳይሆን፣ ክብ እንዲሆን ነው። ከላውንደሪ ልብስ የሚመጣበትን ስስ ላስቲክ አትጣሉት፤ በየመሀሉ ሲገባ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሳይነክስ ይንሸራተታል።

ረጅሙ የልብስ ከረጢትስ? መስቀያው ሳይወጣ ልብሱን የሚይዘው ጥሩ ነው፤ ግን አንዳንድ አየር መንገድ እንደ አንድ የእጅ ሻንጣ ይቆጥረዋል። “የአውሮፕላኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅሉልኛል” ማለት ደግሞ ተስፋ እንጂ መብት አይደለም። አስተናጋጇን በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ ቦታ ከሌለ የለም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የአስተጣጠፍ ጥበብ ይልቅ የማጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ የጋላው ልብስ ከእጅ አይለይ። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ስበር፣ በጥንቃቄ ያጠፍኩትን ሱፍ ለጭነት ሰጥቼ ሻንጣው ከእኔ ሁለት ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ሠርጉ አልፎ፣ መልሱ ደርሶ ነበር፤ ሱፉ ግን አንዲት መስመር የለችበትም። ሠርግ ቢያንስ ካለበት አይነቃነቅም፣ መርከብ ግን ይሄዳል። የዘገየ ሻንጣ መርከቡን እስከሚቀጥለው ወደብ ሊያሳድደው ነው። ስለዚህ የሚያውቁ መንገደኞች መርከቡ ከሚነሣበት ቀን በፊት አንድ ሌሊት ወደቡ ከተማ ያድራሉ። በሰላም የደረሰ ሻንጣም ቢሆን ወደብ ላይ ለተሸካሚ ከተሰጠ በኋላ ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም ሲመሽ ነው። የመጀመሪያው ምሽት የጋላ አለመሆኑ ውለታው እዚህ ላይ ነው፤ ልብሱ ወጥቶ የሚተነፍስበት አንድ ሌሊት ያስገኛል። ሻንጣው ከዘገየ ደግሞ ለአየር መንገዱ ቅሬታ በጽሑፍ የሚቀርበው በ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ሻንጣውን ከተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ ለተበላሸ በ7 ቀን። በመሀል ለገዛችሁት ልብስ ደረሰኝ ያዙ።

ክፍላችሁ ስትገቡ ካውያ አትፈልጉ፣ ይዛችሁም አትሂዱ። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ስለሆነ በየመኝታ ክፍሉ ካውያም የእንፋሎት መተኮሻም ክልክል ነው፤ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል። እንደ ኩዊን ሜሪ 2 ያሉት ተሳፋሪው ራሱ የሚያጥብበትና የሚተኩስበት የጋራ ክፍል አላቸው፣ በጋላው ቀን ግን ወረፋ አለ። ሌሎቹ በክፍያ ይተኩሳሉ፤ በመጀመሪያው ቀን መስጠት ይሻላል። እውነተኛ ሱፍ ከሆነ ይህም ላያስፈልግ ይችላል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰቅላችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ሙቅ ሻወር ውሰዱ። እንፋሎቱ ፀጉሩን ያላላዋል፣ ሌሊቱን ተሰቅሎ ሲያድር መስመሩ ይጠፋል። ጥጥ ሸሚዝ በዚህ አይታለልም።

የኩናርድ ደንብ ለጋላ ምሽት የአገር ባህል ልብስንም ይቀበላል። እንግዲህ ከሽሮ ሜዳ የተገዛች ቀሚስ ከፓፒዮኑ እኩል ወንበር አላት ማለት ነው። ጣጣዋ ግን ጥጥ መሆኗ ነው፤ እንዲያውም በእጅ የተፈተለ፣ በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥጥ። እንደ ኮት አትታጠፍም፣ ትጠቀለላለች። ቀሚሷን ገልብጡ፤ ጥለቱ በመሀሉ እንዳይሰበር ወደ ጎን ይዋል፤ ነጠላውን መሀል አድርጋችሁ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ካውያ ስታገኝ በግልባጯ ትተኮስ። የሽፎን ሐበሻ ቀሚስን የሚንቁ አሉ፤ እኔም ከሸማው ጋር ነኝ። ካውያ በሌለበት ክፍል ግን ሽፎኑ ያሸንፋል፣ ይህን መካድ አልችልም። በርበሬና ሽሮ ለዘመድ የያዘ ደግሞ እባካችሁ በሌላ ሻንጣ ያድርገው።

ነጠላውን ከእጅ ሻንጣ አታውጡ። የመርከብ መመገቢያ አዳራሽ ብርድ ነው።