ተጨማሪ መረጃ፦ በየቀኑ አንድ ባንዲራ

ታጋች የሚባለው አጋቹ የጠየቀው ነገር እስኪፈጸምለት ድረስ በግድ ተይዞ የሚቆይ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1979 ቴህራን የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በኢራናውያን ተማሪዎች ሲያዝ፣ 52 አሜሪካውያን እስከ መጨረሻው ታግተው ቆይተዋል። እገታው 100ኛ ቀኑን በያዘበት ዕለት፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት ሄርሚቴጅ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አንድ የመቃብር ስፍራ ውስጥ 100 ባንዲራዎች ተሰቀሉ። ከዚያም ታጋቾቹ እስኪፈቱ በየቀኑ አንድ አንድ ሲጨመር ቆየ።

ባንዲራዎቹ ከሱቅ የተገዙ እንዳይመስሏችሁ። ብዙዎቹ በቀድሞ ወታደሮች የሬሳ ሣጥን ላይ የተነጠፉ ነበሩ፤ ቤተሰቦቻቸው ናቸው ያበረከቷቸው። የሟች አባትን ማስታወሻ ፈጽሞ ለማያውቁት ሰው መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። በስፍራው ታጋቾቹን ለማስለቀቅ ተሞክሮ በከሸፈው ዘመቻ ሕይወታቸውን ላጡ 8 ወታደሮችም መታሰቢያ ቆሞላቸዋል።

ታጋቾቹ የተፈቱት ጃንዋሪ 20 ቀን 1981 ነው። ባንዲራዎቹ ስንት እንደደረሱ እስቲ ራሳችሁ አስሉ። የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ቀን ቁጠሩ፤ 1980 ፌብሩዋሪ 29 ቀን የነበረበት ዓመት መሆኑንም አትርሱ። መልሳችሁ 444 ካልመጣ እንደገና ሞክሩ።