ሸሞንሟናዬ፦ ለደከመ ምሽት የሚሆን አልበም

ከሥራ ወጥተው፣ ታክሲ ተሰልፈው፣ በትራፊክ ተጨናንቀው ቤትዎ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚቀበልዎ ድምፅ ምንድን ነው? በብዙዎቻችን ቤት ቴሌቪዥኑ ነው፤ ማንም ባያየውም በርቷል። ልጆች በስልካቸው አጫጭር ቪዲዮ ይቀያይራሉ። ከመንገድ ማዶ የግሮሰሪው ስፒከር ይገባል። እርስዎ ሶፋው ላይ አረፍ ቢሉም ጆሮዎ ገና ሥራ ላይ ነው።

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሙያ ቀኑን ሙሉ የሚታሰበው የሰው ጆሮና ዓይን ለጥቂት ሰከንድ እንዴት እንደሚያዝ ነው። ለማስታወቂያ ሙዚቃ ሲመረጥ «ሰው ቀና ብሎ ያያል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ማታ የምፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ ምንም የማይሸጥልኝ፣ «ስሚኝ» እያለ እጅጌዬን የማይጎትት ሙዚቃ። በዚህ ወር ላስተዋውቅዎ የምፈልገው የኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» እንዲህ ያለ አልበም ነው።

ቀስ ያለ ምት

በዓለም የሙዚቃ ገበያ «ዳውንቴምፖ» የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዓይነት አለ። የጭፈራ ቤት ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 120 እና ከዚያ በላይ ሲመታ፣ ዳውንቴምፖ ግን ከ100 በታች ይሄዳል። ለመቀመጥ፣ ለማውራት፣ ለማንበብ፣ ዝም ለማለትም ይመቻል። ስያሜው በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። «ሸሞንሟናዬ» ግን የተቀዳው በ1985 ነው፤ ማለትም ገበያው ስም ከማውጣቱ በፊት አንድ ኢትዮጵያዊ በራሱ መንገድ ሠርቶታል።

ከሂልተን እስከ ዋሽንግተን

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወልደው በ10 ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። አኮርዲዮን በ14 ዓመታቸው በራሳቸው ጥረት ተማሩ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆነው በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ሠርተዋል። ዝነኛው «ሙዚቃዊ ስልት» የዚያ ባንድ ሥራ ነው።

በ1981 ዋልያስ ባንድ ሙዚቃ ሊያቀርብ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከአባላቱ የተወሰኑት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ኃይሉ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ። ከአራት ዓመት በኋላ በአንድ የሚያውቁት ሰው ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ውስጥ ገብተው ይህን አልበም ለብቻቸው ቀዱ። በሂልተን መድረክ በዙሪያቸው የነበሩት ከበሮ መቺ፣ ቤዝ ተጫዋችና የናስ መሣሪያ ነፊዎች እዚህ የሉም። የእነሱን ቦታ የያዙት ማሽኖች ናቸው።

ለምን ያሳርፋል?

አልበሙን ሲከፍቱ ዜማውን ይዞ የሚመጣው አኮርዲዮን ነው፤ የወላጆቻችንና የአያቶቻችን ዘመን መሣሪያ፣ ኋላ ላይ ኪቦርድ ቦታውን የወሰደበት። ኃይሉ ይህን መሣሪያ መልሰው ሲያነሱት ብቻውን አላቆሙትም። ከሥሩ ሮድስ የተባለው ኤሌክትሪክ ፒያኖ እንደ ሩቅ ደወል ለስለስ ብሎ ይሰማል። ሙግ ሲንተሳይዘር ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። የከበሮ ማሽኑ ደግሞ ሳይቸኩልና ሳይዘገይ ይመታል።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አኮርዲዮን በአየር የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ተጫዋቹ ሲስበውና ሲገፋው እንደ ሰው ይተነፍሳል። ዜማው ቀና ይላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ መልሶ ይወርዳል። ከበታቹ ያለው ማሽን ግን ስሜት የለውም፤ የመጣው ቢመጣ ምቱን አይለውጥም። የሚተነፍስ ነገር በማይናወጥ ነገር ላይ ተደግፎ ሲሄድ ሲሰሙ፣ የእርስዎም ትከሻ ሳያውቁት ዝቅ ይላል።

ዜማዎቹ ደግሞ እንግዳ አይደሉም። በአገራችን የአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ናቸው፤ «አምባሰል» የተባለው ሥራ ስሙን የወሰደው ከአንዱ ቅኝት ነው። «ሽለላ» የተባለም አለ፤ ጀግና የሚያነሳሳው ያ ዜማ እዚህ ያለ ጦር፣ ያለ ጋሻ መጥቷል። የሚያውቁት ዜማ በማያውቁት ልብስ ሲመጣ ጆሮ አይደነግጥም፤ አይሰለችምም።

ልንገርዎ፣ ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ቀን አይወደውም። የከበሮ ማሽኑ የዘመኑ ነው፤ የዛሬ ስቱዲዮ ጥራትም አይጠብቁ። ልጅዎ «የድሮ ጌም ሙዚቃ ይመስላል» ቢልዎ አይፍረዱበት። ሦስተኛው ሥራ እስኪያልቅ ብቻ ይታገሱት።

ካሴቱ የት ነበር?

አልበሙ በካሴት ወጥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሸጠ በኋላ እንደ ብዙዎቹ ካሴቶች ዘመኑ አለፈ። ኃይሉ በ1990ዎቹ መድረኩን ትተው በዋሽንግተን ዳለስ አየር ማረፊያ የታክሲ ሹፌር ሆኑ። ሙዚቃውን ግን አልተዉትም። ኪቦርዳቸውን መኪናቸው ውስጥ ይዘው እየዞሩ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ይለማመዱ ነበር።

ብሪያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢ ይህን አልበም ያገኘው ባሕር ዳር ነው። ኃይሉን አፈላልጎ አገኛቸውና «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚ ድርጅቱ በኩል በ2013 እንደገና አወጣው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በተለያዩ አገሮች መድረክ ላይ ወጡ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አሳተሙ። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ማለት ነው።

በቢዝነስ ዓይን ሳየው የሚያስቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ምርቱ ምንም አልጎደለውም፤ ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ገዢ ይጠብቅ ነበር። ዋጋውን አይቶ ያነሳው ግን ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። ዛሬም በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶች አሉ። ካሴት ደግሞ ዘላለም አይኖርም፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል። ቤት ውስጥ ያለውን ሣጥን አንድ ቅዳሜ አውርደው ይፈትሹት፤ የሚያስቀዱት ነገር አያጡም።

እንዴት ያዳምጡት?

በስልክዎ ስፒከር ባያዳምጡት እመክራለሁ፤ ወፍራሙ የሙግ ድምፅ በትንሽ ስፒከር አይሰማም። መካከለኛ ስፒከር ወይም ደህና የጆሮ ማዳመጫ ይበቃል። ድምፁን ከሰው ንግግር ዝቅ አድርገው ይክፈቱት፤ ወሬ የሚያቋርጥ ከሆነ በዝቷል። ሥራዎቹን ሳይቀያይሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይልቀቁት። ከተቻለም ከሕጋዊ መሸጫ ይግዙት፤ አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኞቹ ጋር እኩል እንደሚካፈል ይናገራል።

ጥሩው ሰዓት ደግሞ ቡና ሲፈላ ነው። እናትዎ ወይም አባትዎ ካሉ አጠገብዎ ያስቀምጧቸው፤ ልጆችንም ይጥሯቸው፤ የሙዚቃውን ስም ግን ለማንም አይንገሩ። ትልቁ ሰው ዜማውን አውቆት ማንጎራጎር ይጀምራል፤ ልጁ «ይሄ ምን መሣሪያ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ ለእነሱ ይተዉላቸው፤ እርስዎ ቡናዎን ይጠጡ።