ዳገቱ ስንት ቆሎ ይፈጃል?

ብስክሌት ለሥራ መመላለሻ ይሁን ባልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «አዲስ አበባን ረሳሃት እንዴ? ዳገቱስ?» ሐሰት አይደለም። ከተማችን ራሷን እንጦጦ ላይ አስደግፋ እግሯን ወደ አቃቂ የዘረጋች ናት። እኔም ይህ መልስ ሲሰጠኝ ዝም እል ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን እርሳስና ወረቀት ይዤ ዳገቱን ላሰላው ተቀመጥኩ። የወጣውን ቁጥር ከመንገሬ በፊት ሌላ አገር ያለ አንድ ድልድይ ላሳያችሁ።

ድልድዩ ኮፐንሃገን ውስጥ ነው፤ የንግሥት ሉዊዝ ድልድይ ይሉታል። በአንድ የሥራ ቀን ከ40,000 በላይ ብስክሌት ያልፍበታል። ብዙዎቹ ጠዋት ሄደው ማታ ስለሚመለሱ ሁለት ጊዜ ተቆጥረዋል፤ ስለዚህ ግማሹን እንተወውና 20,000 ሰው ብቻ እንበል። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በቤት መኪና ቢመጡ፣ የአንዱ መኪና ርዝመት 4 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ የፊተኛው ጭራ ከኋለኛው አፍንጫ ሳይለያይ ቢሰለፉ ሰልፉ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመጨረሻው መኪና መስቀል አደባባይ ቆሞ የመጀመሪያው አዳማ ሊገባ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። ያ ሁሉ ብረት በየማለዳው በድልድዩ ላይ ሳይታይ ይቀራል፤ በምትኩ የደወል ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ከድልድዩ ወጥተን ከተማዋን በሙሉ እንይ። ከተማዋ ራሷ በ2016 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ባወጣችው ቆጠራ መሠረት በአንድ የሥራ ቀን በብስክሌት የሚሄደው መንገድ ሲደመር 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ምድርን በወገቧ 35 ጊዜ የሚዞር ርቀት ነው። ወደ ላይ ቢሆን ደግሞ ጨረቃ ደርሶ ተመልሶ፣ እንደገና ጨረቃ ደርሶ፣ በሁለተኛው መልስ ከግማሽ መንገድ በላይ ይሄዳል። ይህ የሰኞ ብቻ ነው፤ ማክሰኞም ይደግሙታል። እኔን የገረመኝ ግን ማባዛቱ አይደለም፤ ማካፈሉ ነው። ያን የጨረቃ መንገድ ለከተማዋ የዚያን ጊዜ 600,000 ገደማ ነዋሪ ብታካፍሉት ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ከትንሽ ነው። ማንም ጀግና አልሆነም። አንዷ ልጇን መዋያ አድርሳ ቢሮ ገባች፣ አንዱ ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ፤ በቃ።

«እነሱማ ከብስክሌት ጋር ተፈጥረው» የሚል አይጠፋም። አልተፈጠሩም። በ1970 ወደ መሀል ከተማዋ የሚገቡና የሚወጡ ሲቆጠሩ መኪናው 351,133፣ ብስክሌቱ 100,071 ነበር። በ2016 መኪናው ወደ 252,600 ወርዶ ብስክሌቱ 265,700 ደረሰ። በመካከሉ የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ አለ፤ ሰልፍ ወጥቶ መንገድ ይሰጠን ያለ ሕዝብ አለ፤ በጠርዝ ድንጋይ ከመኪናው የተለየ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የብስክሌት መንገድ አለ። በረዶ ሲጥል አስቀድሞ የሚጠረገው ይኸው መንገድ ነው። ወደ ድልድዩ በሚወስደው ጎዳና ላይ ደግሞ የትራፊክ መብራቶቹ የተቃኙት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ብስክሌት ነው፤ በዚያ ፍጥነት የሄደ ሰው አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ እየተቀበለው ያልፋል።

ይሁን፣ ኮፐንሃገን ሜዳ ናት። ወደ ዳገታችን እንመለስ።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ የሚመዝን ከባድ ብስክሌት ይዞ 100 ሜትር ቀጥ ያለ ከፍታ ይወጣል እንበል። ሠላሳ ፎቅ ያህል ነው፤ በአሳንሰር እንጂ በእግር አይታሰብም የምንለው። 85 ኪሎ ክብደትን ያን ያህል ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልገው ጉልበት 20 ኪሎ ካሎሪ ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ወደ ፔዳሉ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቀሪው በላብና በሙቀት ይወጣል፤ ስለዚህ በአራት እናባዛው፦ 80 ኪሎ ካሎሪ። ይህ ስንት ቆሎ ነው? ሃያ ግራም ገደማ። እፍኝ እንኳ አይሞላም፤ አንድ ጭብጥ ነው። ስንፈራው የኖርነው ዳገት አንድ ጭብጥ ቆሎ ነው።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አልተለወጠም።

ከዚያ ቤንዚኑን አሰላሁ። አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ጉልበት ታምቋል። ሜዳ ላይ ረጋ ብሎ የሚጋልብ ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር 25 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይበቃዋል። ሲካፈል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ሰው ቤንዚን የሚጠጣ ፍጥረት ቢሆን ኖሮ በአንድ ሊትር ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ይደርስ ነበር፤ ለሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያም ይተርፈው ነበር። መኪናው ግን በዚያው ሊትር መጨናነቅ ውስጥ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ የሚሸከመው ራሱን ነውና፤ ከአንድ ቶን በላይ ብረት፣ ለአንድ ሰው።

የከፍታችን አየርስ? ስስ ነው፣ ያስተነፍሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ስስ አየር ብስክሌትን የሚገታበት ኃይልም ያነሰ ነው። ቤልጂየማዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ለመስበር የመረጠው ሜክሲኮ ሲቲን ነበር፤ ሄዶም 49.431 ኪሎ ሜትር ጋለበ። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባ ከእሷም በመቶ ሜትር ገደማ ትበልጣለች። እኛ የምናማርርበትን አየር የዓለም ምርጥ ጋላቢ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የፈለገው። አስመራም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በ2024 የቱር ደ ፍራንስን አረንጓዴ ማሊያ የለበሰው ቢንያም ግርማይ የዚያች ከተማ ልጅ ነው።

አንድ ቁጥር ቀርቶኛል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። በእግር መሄድ ደግሞ ለአንድ ኪሎ ሜትር ብስክሌት ከሚፈልገው እጥፍ ያህል ጉልበት ይወስዳል። ዳገቱን በየቀኑ የሚወጣ ሕዝብ አለ ማለት ነው፤ ያውም እጥፍ ቆሎ እየከፈለ።

ስለዚህ ዳገቱን ተዉት። የሚያስፈራው ጎን ለጎን የሚታከከው ሚኒባስ ነው፤ የብስክሌቱ ዋጋ ነው፤ መሥሪያ ቤት ደርሶ የሚታሰርበት ቦታ መጥፋቱ ነው። ሦስቱንም የሠራናቸው እኛ ነን። ነገ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና በፊታችሁ በሚያልፈው በእያንዳንዱ የቤት መኪና ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቁጠሩ። ሃያ መኪና ይበቃል።