ተረትና እውነታ፦ ነዳጅ ፍለጋን ትቶ ማስተማር ሙያን መጣል ነው?

«ነዳጅ ፍለጋውን ትቶ ሕዝብ ማስተማር የጀመረ ጂኦሎጂስት ሙያውን ጥሏል» የሚል አስተሳሰብ በወጣት ተመራቂዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። መነሻ የለውም አይባልም፤ የነዳጅ ኩባንያ ደመወዝ ከመምህር ደመወዝ ጋር አይወዳደርም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ቢያሰላ አይፈረድበትም። ጥፋቱ የሚጀምረው ገቢ የዕውቀት መለኪያ ሲሆን ነው። ይህን የሚያራግቡ ሰዎች፣ አዋቂው ዝም ሲል መድረኩን አሉባልተኛ እንደሚይዘው ልብ አይሉም።

ማስረዳት የሙያው አካል መሆኑን ለማየት በሳዑዲ ዓረቢያ የሚገኘውን ዳህራንን እንይ። እዚያ የተቆፈረው የደማም 7ኛ ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1938 ነዳጅ የሰጠው ከ1,400 ሜትር በላይ ከተቆፈረ በኋላ ነው። የቀደሙት ጉድጓዶች ተስፋ አስቆራጭ ነበሩ፤ ዋና ጂኦሎጂስቱ ማክስ ስታይነኪ ግን ቁፋሮው እንዲቀጥል ተሟገተ። ድንጋዩን ማወቅ ብቻውን አልበቃውም፤ አለቆቹን ማስረዳትም ሥራው ነበር።

«ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሏል» የሚለው ተረት እዚያው ይፈርሳል፤ ዘይቱ የተገኘው በኖራ ድንጋይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ከቁፋሮ ጭቃ ጋር የወጣውን የድንጋይ ስብርባሪ አጥቦ በማይክሮስኮፕ ያየ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የዘይቱን ፍካት የተመለከተ ባለሙያ ይህን ከማንም በላይ ያስረዳል። «ማስተማርማ ማንም ይችላል» ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው።

የሚያስረዳ ሲጠፋ ተጎጂው ሕዝብ ነው። የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተገኝቶ ለአሥርተ ዓመታት ሳይመረት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው በኦጋዴን የድፍድፍ ነዳጅ ሙከራ ሲጀመር፣ ግኝትን ከምርት፣ ሙከራን ከገበያ የሚለይለት ያላገኘ ሰው ነገ ቤንዚን ይረክሳል ብሎ ቢጠብቅ ምን ያስገርማል?

«የሚያስተምሩት ፍለጋው ያልሆነላቸው ናቸው» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። ጂኦሎጂስቱ አርተር ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በበርማ ነዳጅ ፈልጓል፤ የቀጠረው ኩባንያ ከሰረ። እሱ ግን ወደ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ያሳተመው የጂኦሎጂ መጽሐፍም ትውልድ አስተምሯል።

ጂኦሎጂስት ሁሉ ጥሩ አስተማሪ ይሆናል ብዬ አልከራከርም። የሚችለውን ግን አናሸማቅቀው። ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ተመራቂውን «ስንት ይከፍሉሃል?» ስትሉት «ያወቅኸውን ለማን ታስረዳለህ?» ብላችሁም ጠይቁት።